እየተራመደ የዋለው ችሎት

ባለቤቴን ያወቅሁት ከስሼው ነው። ለቅሶ ሊደርሱ የመጡ ጎረቤቶች እንዴት እንደተገናኘን ሲጠይቁኝ ይህንኑ እነግራቸዋለሁ፤ እነሱም ሳቃቸውን በነጠላቸው ጫፍ ይሸፍናሉ። ለቅሶ ቤት መሳቅ ነውር ነው ብለው ነው እንጂ፣ እሱ ቢኖር ከሁሉም ቀድሞ ይስቅ ነበር። እኔም እስኪ ልጻፈው ብዬ ተቀምጫለሁ። ጥቂት እጽፋለሁ፣ ብዕሩን አስቀምጬ ወደ በሩ አያለሁ፣ እንደገና እጽፋለሁ።

ጊዜው ጣልያን አገራችንን የያዘበት ነው። ኮልፌ ያኔ ባሕር ዛፍና የጎመን መደብ የበዛበት የከተማ ዳርቻ ነበር። አባቴ ዘምቶ አልተመለሰም። እናቴና እኔ የምንኖረው ከጓሯችን ጎመን እየቀጠፍን ገበያ በማውጣት ነበር። አንድ ዓርብ ረፋድ ላይ ወደ ጓሮ ብወጣ፣ አንዲት አህያ መደቡ መሐል ቆማ ታኝካለች። ጎመኑ ከሥሩ ተላጭቷል። ገመዷን ያዝኩ። ወዲያው አንድ ጎረምሳ ኩታውን እየሰበሰበ ሮጦ መጣ።

"አንቺ ልጅ፣ አህያዬን ልቀቂ!"

"ጎመኔን አስተፋልኝና ልልቀቃት።"

"የሰው እህል አመላልሼ የማድረው በእሷ ነው። እሷን ከያዝሽብኝ ምን ልሁን?"

"እኔስ በምን ልደር? በእሷ ጥርስ?"

ሁለታችንም የምንፈራው አንድ ነገር ነበር። ነገሩ ጣልያኖቹ ቢሮ ከደረሰ አህያዋ ለጦሩ ስንቅ መጫኛ ትወሰዳለች። ያኔ እሱ አህያውን፣ እኔ ካሳዬን አጥተን እንቀራለን። ስለዚህ እንደ ድሮው ልማድ የመንገድ ዳኛ መፈለግ ነበረብን። ጎረቤታችን የሆነች ሴት መጥታ የነጠላዬን ጫፍ ከኩታው ጫፍ ጋር ጥብቅ አድርጋ ቋጠረችው። ከሳሽና ተከሳሽ እንዲህ በቁራኛ ታስረው ዳኛ ፍለጋ ይሄዳሉ፤ ዳኛው ካልፈታው በቀር ቋጠሮውን የሚነካ የለም። "በሕግ አምላክ!" የተባለ መንገደኛ ደግሞ የፈለገውን ያህል ቢቸኩል ይቆማል፤ ቆሞም ይዳኛል።

መጀመሪያ ያገኘናቸው ለጁምዓ ሶላት የሚገሰግሱ፣ ነጭ የጠመጠሙ ሽማግሌ ነበሩ።

"በሕግ አምላክ!" አልኩ፣ ሌላ ሰው እንዳይሰማ ዝግ ብዬ።

ቆሙ። ቋጠሮውን አዩ፣ ፀሐይዋን አዩ። "ልጆቼ፣ ዛፍ ሥር ብንቀመጥ ጣልያኖቹ ሲመክሩ አገኘናቸው ብለው ይይዙናል። እኔንም ሶላት ያመልጠኛል። እየሄድን ተከራከሩ" አሉን።

ችሎቱም መንገድ ጀመረ። ዳኛው ከፊት፣ እኛ ተቆራኝተን ከኋላ፣ አህያዋ ደግሞ በኔ እጅ። አባቴ ሙግት ማየት የሚወድ ሰው ስለነበር ሥርዓቱን አውቀዋለሁ። ተሟጋች "ተጠየቅ!" ሲል ወደ ፊት ዘሎ እጁን ይሰነዝራል። እኔም "ተጠየቅ!" ብዬ ዘለልኩ። ቋጠሮው ሳበውና ጎረምሳው ጭቃው ላይ በደረቱ ተዘረጋ።

ዳኛው ዞር አሉ። "ተከሳሽ፣ ተነስ። ችሎት ላይ አይተኛም።"

"ጎትታኝ እኮ ነው፣ አባባ!"

"በሱ ሌላ ቀን ትከሳታለህ።"

ተነሳና ጭቃውን ሳይጠርግ ጣቱን ቀሰረብኝ። "አንቺም ተጠየቂ! ለመሆኑ ጎመኑ አጥር ነበረው?"

"ነበረው!"

"የታለ?"

"አህያህ በልታው!"

ዳኛው ሳል የያዛቸው መስሎኝ ነበር፤ ለካ እየሳቁ ኖሯል።

ዋናው መንገድ ላይ ስንወጣ አንድ የጣልያን ወታደር ከነአስተርጓሚው አስቆመን። ወታደሩ ገመዱን ከእጄ ወሰደና የአህያዋን ጀርባ መታ መታ አደረገ፤ ከንፈሯን ገልጦ ጥርሷን አየ። ጎረምሳው መንቀጥቀጥ ሲጀምር በቋጠሮው በኩል ተሰማኝ።

"ምንድን ናችሁ እናንተ?" አለ አስተርጓሚው።

"ሙሽሮች ናቸው" አሉ ዳኛው። "አህያዋ ጥሎሽ ናት።"

አስተርጓሚው የአገር ልጅ ነው፤ ቁራኛ ምን እንደሆነ ያውቃል። ቋጠሮውን አየ፣ በጭቃ የተለወሰውን ሙሽራ አየ፣ የተኮሳተረውን ፊቴን አየ። ከዚያ ወደ ወታደሩ ዞሮ በጣልያንኛ ረዘም ያለ ነገር ነገረው። ወታደሩ ሳቀ። ገመዱን መለሰልኝና ከኪሱ ከረሜላ አውጥቶ ጨመረልኝ። ስናልፍ አስተርጓሚው ጎንበስ ብሎ፣ "ሙሽሪት፣ ትንሽ ፈገግ በይ እንጂ፤ ሠርግሽ አይደል?" አለኝ።

መስጊዱ አጥር ጋ ስንደርስ ፍርድ ተሰጠ። ተከሳሽ መደቡን መልሶ ይቆፍር፣ ፍግ ያምጣ፣ ችግኝ ይትከል፣ አጥር ይጠር። ጎመኑ እስኪደርስም ከሚያገኘው እህል ያካፍል። አህያዋ ትለቀቅ።

"በል ዋስህን ጥራ" አሉት።

ጎረምሳው አቀረቀረ። ከጉራጌ አገር ከመጣ ገና ብዙ አልቆየም ነበር። "እዚህ የማውቀው አህያዬን ብቻ ነው።"

"እሷ ዋስ አትሆንም፤ ግብረ አበርህ ናት። ዋስ ከሌለህ ደግሞ አንተንም እሷንም አልለቅም።"

አዛን ተሰማ። ዳኛው ተቁነጠነጡ። ጎረምሳው እጁን አህያዋ አንገት ላይ ጣል አደረገ። ያ መንቀጥቀጥ እንደገና በነጠላዬ በኩል መጣብኝ።

"እኔ ዋስ እሆነዋለሁ" አልኩ።

"ከሳሽ ለተከሳሽ?"

"ክልክል ነው እንዴ፣ አባባ?"

"እንጃ ልጄ። እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም።" ቋጠሮውን መፍታት ጀመሩ። "እንግዲህ ዋስ ነሽ። በተጠራ ጊዜ ይዘሽው ትቀርቢያለሽ።"

ከረሜላውን ሰጠኋቸው። በጥምጥማቸው ጫፍ ቋጥረው እየሮጡ ገቡ።

ጎረምሳው ቃሉን ጠበቀ። ቆፈረ፣ ተከለ፣ አጠረ። ጎመኑ ደርሶ ገበያ ከወጣ በኋላም መምጣቱን አልተወም። እናቴ፣ "አንተ ልጅ፣ ፍርዱ አላለቀም እንዴ?" ስትለው፣ "አጥሩ ላልቷል፣ እማማ" ይላታል። ያልላላ አጥር ሲያላላ በዓይኔ አይቻለሁ። በኋላ ሽማግሌ ላከ። ከተጋባን ወዲህም ባመሸ ቁጥር፣ "ዋስህ ነኝ፤ ብትጠራ ምን ልል ነበር?" እለዋለሁ። እሱም ሁለት እጁን አጣምሮ እንደ ተከሳሽ በሩ ላይ ይቆምልኛል።

አሁን ተጠራ። ይዘሽው ቅረቢ ያለኝ ግን የለም፤ ብቻውን ወሰዱት። በቀብሩ ዕለት አስከሬኑን የተሸከሙት ሰዎች ዳገቱን ሲገሰግሱ፣ "በሕግ አምላክ!" ማለት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። የኮልፌ ሰዎች ናቸው፤ ብላቸው ይቆሙልኝ ነበር።