የባለ ወፍጮው ወረቀት

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ የሠራነው ሥራ ጧፍ መጠቅለል ነበር። ልደታ ማርያም አጠገብ ባለችው ሱቃችን ሳለን አንድ ሽማግሌ ከዘራውን ተደግፎ መጣ።

"ምን ልታዘዝ አባቴ?" ብሎ ባለቤቴ ተነሣለት። ሽማግሌው ጧፉን ይዞ ሲሄድ ባለቤቴ ፊቴን አየና፣ "ተይ አንቺ፣ አርጅተዋል እኮ" አለኝ። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ ዐረፈ።

ከአርባው በኋላ የእናቴን ሣጥን ስከፍት ከአሮጌ ወረቀቶች የማኅተም ቀለም ሸተተኝ። ልጅ ሳለሁ በትንሿ ከተማችን ዝርዝር ብር ጠፍቶ ነበር። ያ ሽማግሌ ያኔ ባለ ወፍጮ ነበርና ማኅተሙን የመታበት ወረቀት በብር ፋንታ ይሰጥ ጀመር። ከተማው ሁሉ ተገበያየበት። እናቴም እኔን ትምህርት ቤት ለማስገባት ዓመት ሙሉ አጠራቀመችው። በብር እንዲለውጥላት ይዛው ብትሄድ፣ "ምን ላድርገው? እሳት አያይዢበት" ብሎ በሠራተኞቹ ፊት ሳቀባት። እኔ ክንዷን ይዤ ቆሜ ነበር። በዚያ ዓመት ትምህርት ቤት አልገባሁም።

የዚያን ቀን እቤት ስንደርስ እናቴ ወረቀቱን ይዛ ምድጃው አጠገብ ቆመች።

"አይቃጠልም" ብላ ሣጥኗ ውስጥ ከተተችው። "ነገ እሱም ከእኛ የሚገዛው ነገር አያጣም።"

ተይ የሚለኝ ሰው አሁን የለም። ሽማግሌው ጧፍ ሊገዛ በመጣ ቁጥር መልሱን በዚያ ወረቀት እሰጠዋለሁ።