የሟች ስም

መካነ ሰላም ቤት ተከራይቼ የወንጀል ፍትሕ ትምህርት በስልኬ እከታተላለሁ፤ ኦንላይን የሚሉት ነው። ባለፈው የችሎት ልምምድ ነበረንና በግድያ የተከሰሰው ሰው ድርሻ ለእኔ ደረሰኝ። መምህሩ የሟቹን ስም ራሴ እንድሰይም ነገረኝ። ምን እንደነካኝ እንጃ፣ አፌ ላይ ቀድመው የመጡት መብራት ሲጠፋ ስልኬን በሶላራቸው የሚሞሉልኝ ጎረቤቴ ሸህ አሊ ናቸው።

ኔትወርኩ እንደ ልማዱ ይቆራረጣል። መምህሩ "ድምፅህ አይሰማም፣ ጮክ በል!" ሲለኝ ጊዜ፣ "አዎ! ሸህ አሊን የገደልኩት እኔ ነኝ!" ብዬ ግቢውን በጩኸት አናጋሁት። አከራዬ እትዬ ዘይነብ "ያ አላህ!" እያሉ ወደ ውጭ ሲሮጡ ሰማኋቸው። ወጥቼ እንዳላስረዳቸው ችሎት ላይ ነኝ።

ብዙም ሳይቆይ በሬ ተንኳኳ። ስከፍት እትዬ ዘይነብ እያለከለኩ ቆመዋል። አጠገባቸው ለእርቅ የመጡ ሁለት ሽማግሌዎች አሉ። ከሁሉም ፊት ግን ሟቹ ራሳቸው፣ ሙሰበሃ መቁጠሪያቸውን እንደያዙ። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ አልኩ። "ትምህርት እኮ ነው" ልላቸው ስልኬን ለማምጣት ዞር አልኩ።

ሸህ አሊ ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ።

"ልጄ፣ መገደሌን ሰምቼ መጣሁ። እኔስ አፉ ብያለሁ። ግን ምን አስቀይሜህ ነው?"