አልለቅ ያለ ጣት

የያዛችሁትን ነገር ጣታችሁ አልለቅም ብሏችሁ ያውቃል? ልባችሁ «በቃ፣ ልቀቅ» እያለ፣ ክንዳችሁም ተዘርግቶ፣ ጣት ብቻውን እምቢ ሲል? እኔን መጀመሪያ የገጠመኝ ከኮልፌ በወጣሁበት ሌሊት፣ ሰዓት እላፊው ሊያበቃ ጥቂት ሲቀረው ነው። በራችን ላይ ቆሜ የያዝኩት የታላቅ እህቴን የእትዬ ጽጌን እጅ ነበር።

«ልቀቀኝ እንጂ» አለችኝ በሹክሹክታ። «እጄን ይዘህ ልትሰደድ ነው?»

ነገሩን በቅደም ተከተል ላስረዳችሁ፤ አስተማሪ ነኝና ሌላ አካሄድ አላውቅም። እዚያው ኮልፌ ፊዚክስ አስተምር ነበር። ቀበሌ አስሮኝ ከርሞ የለቀቀኝ በዋስ ሲሆን፣ ዋሴም እትዬ ጽጌ ነበረች። በተፈለገ ጊዜ ላቀርበው ብላ ፈርማለች። እኔ ከጠፋሁ ማን እንደሚጠየቅ ሁለታችንም እናውቃለን። ስከራከራት ሰነበትኩ።

«እኔ ዘነበወርቅ ሆስፒታል የበሽተኛ አንሶላ የማጥብ ሴት ነኝ። እኔን ይዘው ምን ያደርጉኛል? አንተን ግን ሁለተኛ ከያዙህ አይለቁህም። ዋሷም እኔ፣ ታላቋም እኔ፤ አለቀ።»

ያን ሌሊት በራችን ላይ ከኪሷ ዳርታችንን አውጥታ አስያዘችኝ። በቀበሌው መዝናኛ ቤት ሰሌዳ ላይ እየተፎካከርን የምንወረውራት፣ ሰፈር ውስጥ የተሠራች ናት፤ ወገቧ የተጠረበ ወይራ፣ ጫፏ ወፍራም ምስማር፣ ጭራዋ የዶሮ ላባ።

«ስትደርስ ሐጂ ሱቅ ደውል። ወሬ አታብዛ። ዳርቷ የት አረፈች ብለህ ጠይቀኝ። መሐል ካልኩህ ደህና ነኝ። መሬት ወደቀች ካልኩህ ሁለተኛ እንዳትደውል።»

ኬላ ላይ ፈታሹ ቦርሳዬን ገልብጦ እሷኑ አነሳት። ዲላ ለአክስቴ ተዝካር እሄዳለሁ ብዬ ነበር የይለፍ ወረቀት ያወጣሁት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ዳርት ነው ጓድ፣ መጫወቻ።»

«ምስማር አለው።»

«ያለ ምስማር አይተከልም።»

«ተዝካር ላይ ነው የምትተክለው?»

«አክስቴ ጨዋታ ይወዱ ነበር።»

አየኝ፣ አየኝና «ነፍስ ይማር» ብሎ መለሰልኝ።

ከዲላ ወዲያ ያለው መንገድ የጭነት መኪና፣ አቧራና ፍርሃት ነው፤ ያለፋችሁበት ታውቁታላችሁ፣ ያላለፋችሁበትም አትመኙት። ናይሮቢ ገብቼ የስደተኞች መዝጋቢው ፊት ስቀርብ ሰውየው ከወረቀቱ ቀና ሳይል ጠየቀኝ።

«ሥራ?»

«መምህር።»

«ከቀድሞ ሥራህ የለቀቅህበት ማስረጃ?»

«የለኝም። መልቀቂያ ብጠይቃቸው ኖሮ አይለቁኝም ነበር።»

«እንግዲያው አልለቀቅህም» አለ እየጻፈ። «ገና መምህር ነህ፤ ዛሬ ከክፍል ቀርተሃል።»

ሳቅሁ። በኋላ ግን ብቻዬን ስሆን እውነቱን እንደሆነ ተሰማኝ።

የተከራየሁት ክፍል ምዜ ንጆሮጌ ከሚባሉ ሽማግሌ ግቢ ነው፤ ምዜ በእነሱ ቋንቋ አባባ እንደማለት ነው። ኡጋሊ የሚሉት ምግባቸው ሲያዩት ገንፎ ነው፤ ግን መሐሉ ጉድጓድ የለውም፣ ቅቤና በርበሬው የት ይሁን? ዝናቡ የኮልፌን ዝናብ ይሸታል፤ ጋቢ የሚደርብ ሰው ግን አታዩም። ሰው ሲገባ «ኖር» ብሎ የሚነሳ የለም። እኔ ስነሳ ልሄድ የመሰላቸው ብዙ ናቸው።

ምዜ ከግቢው ፊት ለፊት መጠጥ ቤት አላቸው፤ ግድግዳው ላይ የዳርት ሰሌዳ ተሰቅሏል። «ምዋሊሙ፣ እስቲ ወርውር» አሉኝ፤ ምዋሊሙ መምህር ማለት ነው። ከነሐስ የተሠራች ዳርት ሰጡኝ። ወረወርኳት፣ በጎኗ ግድግዳውን መትታ ወደቀች። ደገምኩ፣ እንደዚያው። ሰዎቹ ሳቁ።

ስህተቱ የእጄ ነበር። የእኛዋ ዳርት ምስማሯ ስለሚከብድ ሚዛኗ ወደ ጫፏ ነው፤ ኮልፌ ሁላችንም የምንይዘው ከምስማሩ አጠገብ ነው። የነሐሷ ሚዛን ግን ወገቧ ላይ ነው። ከሚዛኗ ፊት ከያዛችኋት ጭራዋ ይወዛወዛል፤ ከኋላ ከያዛችኋት አፍንጫዋ ይደፋል። እጄ ናይሮቢ ሆኖ አያያዜ ኮልፌ ቀርቷል። በአንድ ጣቴ ላይ አጋድሜ ሳትወድቅ የምትቆምበትን ነጥብ ፈለግሁ፤ እዚያው ላይ በአውራ ጣቴና በሁለት ጣቶቼ ያዝኳት። ሄዳ ተተከለች። ከዚያ በኋላ ምዜ ለጎረቤቶቻቸው «ይሄ ልጄ ነው» ይሉኝ ጀመር።

እንደደረስኩ ስደውል እትዬ ጽጌ «መሐል» ብላኝ ስለነበር እንዲህ ደህና ስወረውር ከረምኩ። አንድ ቀን ግን ከአዲስ አበባ የመጣ የአስኮ ልጅ ሻይ እየጠጣን «እህትህን ቀበሌ እያመላለሷት ነው አሉ» አለኝ። ከዚያ በላይ አያውቅም። ያን ዕለት ሰሌዳው ፊት ቆሜ ክንዴን ዘረጋሁ፤ ጣቴ አልተከፈተም። ዳርቷ እጄ ላይ ቀረች። እንደገና ሞከርኩ፤ በግድ ስትለቀቅ ወለሉ ላይ ተተከለች። ዘግይቶ የተለቀቀ ወደ ታች ነው የሚሄደው።

«አቻ፣ ምዋሊሙ» አሉ ምዜ። «አቻ።»

አቻ በእነሱ ቋንቋ ተው፣ ልቀቅ ማለት ነው። በእኛ እኩያ ማለት ነው። ያን ቃል ይዤ ብዙ አሰብኩ፤ ዳርት የሚለቀቀው ፊትና ኋላው አቻ የሚሆንበት ቦታ ላይ ሲያዝ ነው። የእኔና የእትዬ ጽጌ ነገር ግን አቻ አይደለም። እኔ ወጣሁ፣ እሷ መያዣ ሆና ቀረችልኝ።

በነጋታው ፖስታ ቤት ሄጄ ደወልኩ። ሐጂ ድምፄን ለዩት፤ ስሜን ግን አልጠሩም። «ቆይ፣ ላስጠራት» ብለው ሄዱ። ጠበቅሁ።

«አቤት» አለች።

«ዳርቷ የት አረፈች?»

ከኋላዋ የወንድ ድምፅ «ማነው?» ሲል ሰማሁ። ዘይት ሊገዛ የመጣ ሰው ይሁን፣ ሌላ ይሁን፣ ከድምፁ አይለይም።

«ጠርዝ ነክታለች» አለች።

ጠርዝ አልተባባልንም ነበር። መሐል አለ፣ መሬት አለ። «ጠርዝ ማለት ምንድን ነው?»

«ጠርዝ ነዋ» አለች። ቀጥላም ቀስ ብላ፣ «አንተ አጥብቀህ አትያዛት» አለችኝ። መስመሩ ተቋረጠ። ማን እንደዘጋው አላውቅም።

መሬት ስላላለች ልደውል እችላለሁ፤ መሐል ስላላለች እፈራለሁ። በየቀኑ ሰሌዳው ፊት እቆማለሁ፤ ክንዴ ይሄዳል፣ ጣቴ ይቀራል።

እስቲ እናንተ ሞክሩት። ዳርት ከሌላችሁ እርሳስ ይበቃል። ጣታችሁ ላይ አጋድሙት፣ የማይወድቅበትን ነጥብ ፈልጉ፣ እዚያው ላይ በሦስት ጣት ሳታጠብቁ ያዙት። ከዚያ የተዋችሁትን ሰው አስቡና ልቀቁት። ጣታችሁ ከተከፈተ፣ እንዴት እንደተከፈተ አስተውሉና ንገሩኝ። እኔ ያቃተኝ እዚያ ላይ ነው።