ባላጋራዬ ያሻገረኝ ወንዝ

በጃንሆይ ዘመን፣ የድንበር ክርክራችን ወገዳ ከተማ ሊፈረድ ስለነበር፣ እንደ ደንቡ ከባላጋራዬ ከአያሌው ጋር አብረን ተጓዝን። ታችኛው መሻገሪያ ስንደርስ ጠዋት ጎድሎ የነበረው ወንዝ ሞልቷል። የተማርኩ ሰው ነኝና ዋና አልችልም፤ ከቀጠሮው ከቀረሁ ደግሞ መሬቴ ሄደ ማለት ነው።

“ይታዘሉኝ፣ ጌታው” አለኝ አያሌው፣ ሱሪውን እየሰበሰበ። “ባላጋራውን ጥሎ ሄደ ልባል?”

እንዲህ ያለ ቂል ባላጋራ የሰጠኝን ፈጣሪ እያመሰገንኩ ተሻገርኩ። ማዶ ዳኛው ራሳቸው ቆመዋል፤ ቀጠሯችንን ረስተው እኛ መንደር ድግስ ሊሄዱ ነው። አያሌው እጅ ነስቶ አዘላቸው። ውኃው ደረቱ ላይ ሲደርስ መሀል ወንዝ ላይ ቆመና ጮክ ብሎ ጠየቀ።

“ጌታዬ፣ የድንበሬ ነገር እንዴት ሆነ?”

“ፈርጄልሃለሁ! ተራመድ!”