ከኮርኒሱ በላይ የነበረው አስጠኚዬ

ዘጠነኛ ክፍል ሳለሁ አልጄብራ ያስጠናኝ የነበረው የአክስቴ ልጅ የሚኖረው ከኮርኒሳችን በላይ ነበር። ቀልዴን አይደለም። አሥራ ሁለተኛን ጨርሶ ዩኒቨርሲቲ ሳይገባ ስለቀረ ለብሔራዊ ውትድርና ተፈለገ። እናቴ ለቀበሌው «ወሎ፣ አገሩ ገብቷል» ብላ እዚያ ላይ ደበቀችው። ያን ጊዜ ከቃሊቲ በኩል ኦራል፣ የጦር ካሚዮኑ፣ መጣ ከተባለ አቃቂ ውስጥ ወጣት የሚባል ከመንገድ ላይ ይጠፋል። ከሰፈራችን ተጭነው ወደ ሰሜን ከሄዱት አንድም ሲመለስ አላየንም።

ግድግዳችን ስስ ስለሆነ ድምፁን ማሰማት አይችልም። ስለዚህ እኔ እየሠራሁ ጮክ ብዬ አነባለሁ፣ እሱ ያዳምጣል፤ ስሳሳት ኮርኒሱን በጣቱ ኳ ያደርጋል። ልክ ስሆን ዝም ነው። ጎበዝ ማለት የሚባል ነገር የለም፣ በጣም ያናድደኝ ነበር። በተለይ ቁጥር ከእኩል ይሆናል ወዲያ ሲሻገር ምልክቱን መቀየር ከረሳሁ አያስጨርሰኝም፤ ሳያስበው እጁ ይቀድመዋል።

አንድ ቀን ከሰዓት የሰፈራችን አብዮት ጥበቃ ጠመንጃውን አንግቦ ገባ። ከአባቴ ጋር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሠራ፣ ቤታችን የበላ የጠጣ ሰው ነው። አልጋ ስር አየ፣ ጓዳ ገብቶ ወጣ። ቀና ብሎ ግን አላየም። ሊሄድ ሲል ዓይኑ ደብተሬ ላይ አረፈ።

«አልጄብራ ነው? እኔም ማታ ትምህርት እዚሁ ላይ ደርሼ አልገባ ብሎኛል። እስቲ ድምፅሽን አሰምተሽ ሥሪልኝ» ብሎ ጠመንጃውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ ተቀመጠ።

«እሺ ጋሼ» አልኩ። ብሳሳት ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ፤ ማወቄ ደግሞ ይባስ አስፈራኝ። «ሦስት ኤክስ ማይነስ ሰባት፣ እኩል ይሆናል ኤክስ ፕላስ አምስት። ኤክሱን ወደዚህ ሳመጣው ሁለት ኤክስ ይቀራል። ሰባቱ ወዲያ ይሻገርና አምስት ማይነስ ሰባት...»

ኳ!

«አይጥ ነው፤ ይሄ አይጥ እኮ አስመረረን!» አለች እናቴ ፈጠን ብላ።

 ሰውየው ደብተሩን ወደ ራሱ አዞረና ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ አነበበ። ጣቱን ሰባቱ ላይ አሳረፈ።

«አይጣችሁ ልክ ነው» አለ። «ሰባት ሲሻገር ፕላስ ይሆናል።» ከዚያ ወደ ላይ ቀና አለ። «ና ውረድ፣ ልጄ።»

የአክስቴ ልጅ ፀጉሩን የሸረሪት ድር ሸፍኖት ወረደ። እናቴ የሰውየው እግር ላይ ተደፋች። «ታዝዤ ነው፣ እትዬ» አላት፤ ዓይኗን ግን አላየም። ያን ቀን ያን ሰውዬ የጠላሁትን ያህል ማንንም ጠልቼ አላውቅም።

በሩ ጋ ሲደርሱ የአክስቴ ልጅ ወደ እኔ ዞረና «ጨርሺው እንጂ» አለኝ። ድምፁን ከሰማሁት ወራት አልፈው ነበር።