ሚስተር ኧርል ያልተቀመጡበት ወንበር

ንጋት፣ ዱሉዝ

አማቴ አቶ ጌታቸው ገና ሳይነጋ ሙሉ ልብስ ለብሰው፣ ክራባት አስረው መኪናዬ አጠገብ ቆመዋል።

«አባባ፣ የምንሄደው እኮ ፓርኪንግ ሎት ልናይ ነው» አልኳቸው።

«ስታዲየም ነው የተባልኩት» አሉና ገብተው ቀበቶ አሰሩ።

ሁለታችንም ልክ ነን። የምንሄደው የአትላንታ የታችኛው ሊግ ቤዝቦል ቡድን ድሮ ይጫወትበት ወደነበረው ሜዳ ነው። ሜዳው ከፈረሰ ቆይቷል፤ ዛሬ ቦታው ላይ ሱቆች ናቸው ያሉት። ጉዞውን ያሰቡት ሚስተር ኧርል ናቸው፤ እዚህ አትላንታ ዳርቻ፣ ዱሉዝ ውስጥ በአንድ ግድግዳ የምንዋሰናቸው ጎረቤታችን ነበሩ። ሚስታቸው ካረፉ በኋላ ከአማቴ ጋር ሶፋ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው ቤዝቦል ማየት ለመዱ። አንዳቸው የሌላውን ቋንቋ አይሰሙም። ከሥራ ኦፍ ስሆን አስተርጓሚው እኔ ነኝ።

ኋላ ሚስተር ኧርል ዲኬተር ልጃቸው ዘንድ ገቡ። አሁን ደግሞ ልጃቸው ቴክሳስ ሥራ አግኝታለች፤ አብረው ሊሄዱ ነው። ከመሄዳቸው በፊት ያንን ሜዳ ማየት ፈለጉ።

ማለዳ፣ ዲኬተር

ሰማንያ አምስት ሃይዌይ እንደ ልማዱ በመኪና ተዘግቶ ነበር። አማቴ ከፊታችን ያለውን የጭነት መኪና ሁሉ እየገሠጹ ደረስን። ሚስተር ኧርልን ፒክ አድርገን ቁርስ ቤት ገባን። እንቁላል፣ ብስኩት፣ ግሪትስ።

አማቴ ግሪትሱን በማንኪያ ገለበጥ ገለበጥ አደረጉት። «ገንፎ ነው። ምን አጥፍቶ ነው በርበሬ የከለከሉት?»

«ምን አሉ?» አሉኝ ሚስተር ኧርል።

«ይጣፍጣል ነው የሚሉት።»

ሚስተር ኧርል ሳቁ፤ ያመኑኝ አይመስለኝም። ከዚያ ቡናቸውን ገፋ አድርገው ያወሩን ጀመር። ልጅ ሳሉ አባታቸው ወደ ሜዳው ይወስዷቸው ነበር። ጥቁሮች የሚገቡት በሌላ በር፣ የሚቀመጡት ራቅ ያለ የእንጨት መደዳ ላይ ነው። ጥሩዎቹ ወንበሮች መቺው ከሚቆምበት ጀርባ ያሉት ነበሩ። «አንድ ቀን እዚያ መቀመጥ እፈልግ ነበር» አሉ።

ተረጎምኩት። አማቴ ማንኪያቸውን አስቀመጡ።

«ቲኬት ከፍለው ነው?»

«ከፍለን።»

«ተነሥ፣ እንሂድ» አሉኝ አማቴ።

ረፋድ፣ አትላንታ

ፓርክ አደረግኩ። ከሱቆቹ ኋላ፣ አቀበቱ ላይ አንድ ትልቅ የማግኖሊያ ዛፍ ቆሟል፤ ቅጠሉ ወፍራም፣ በቅባት የተወለወለ የሚመስል። ሚስተር ኧርል እጃቸውን ግንዱ ላይ አሳረፉ። ዛፉ የሜዳው ጥግ ላይ እንደነበር፣ ኳስ ቅርንጫፉ ውስጥ ቢገባም ጨዋታው እንደማይቆም ነገሩን። ተጫዋቹ ኳሱን ራሱ ፈልጎ ማውጣት ነበረበት።

«ዛፍ ሜዳ ውስጥ?» አሉ አማቴ። «እኛ ሰፈር ቢሆን ገና ድሮ ለማገዶ ሄዷል።»

ይህንን ሳላለሳልስ ተረጎምኩት። «እኛም ከሱ በቀር ያላፈረስነው የለም» አሉ ሚስተር ኧርል።

ሕንፃውን ዞረን ወደ ፊት ለፊቱ መጣን። ሚስተር ኧርል እየቆሙ፣ ወደ ዛፉ እየዞሩ፣ ከራሳቸው ጋር እየተከራከሩ መሩን። በመጨረሻ የገበያ ጋሪዎች የተደረደሩበት ጋ ቆሙ። «መቺው እዚህ ነው፤ ወይም እዚህ አጠገብ።» ከጋሪዎቹ ጀርባ የአንድ ሱቅ በረንዳ ነው። በረንዳው ላይ የግቢ ወንበሮች ዋጋ ተለጥፎባቸው ለሽያጭ ተደርድረዋል።

ሚስተር ኧርል አንዱ ላይ ቀስ ብለው ተቀመጡ። አማቴ ክራባታቸውን አስተካክለው አጠገባቸው ተቀመጡ። እኔ ቆሜ ቀረሁ።

አንዲት የሱቁ ሠራተኛ ወጣች። «ምን ልርዳችሁ? ወንበሩን ወደዳችሁት?»

አማቴ ሳይዞሩ «ጨዋታው እስኪያልቅ ነው በላት» አሉኝ።

አፍሬ እየተንተባተብኩ ነገርኳት፤ ሜዳውንም ጨመርኩላት። ሁለቱን ሽማግሌዎች አየቻቸው፤ ዞራ ጋሪዎቹን አየች።

«ስንት ለስንት ናቸው?» አለች።

«ገና መጀመሩ ነው» አሉ ሚስተር ኧርል። ፈገግ ብላ ተመልሳ ገባች።

ሚስተር ኧርል የወንበሩን የክንድ መደገፊያዎች በሁለት እጃቸው ያዙ። «አባቴ ከዚህ ሆኖ አላየውም» አሉ።

አማቴ ትርጉሙን ከሰሙ በኋላ «እርስዎ አዩለት» አሉ። እሱንም ተረጎምኩት። ፀሐይዋ በረንዳው ላይ እስክትወጣብን ማንም አልተነሣም።

ከሰዓት፣ ዲኬተርና ወደ ቤት

ሚስተር ኧርልን በራቸው ላይ አወረድናቸው። አማቴም ወርደው የሚስተር ኧርልን ትከሻ ያዙ። «እንዳትጠፋ» አሏቸው።

ደነገጥኩ። እኔ እስከማውቀው ሚስተር ኧርልን አንቱ እንጂ አንተ ብለዋቸው አያውቁም። በእንግሊዝኛ ይህን እንዴት እላለሁ? «ኪፕ ኢን ተች» አልኩ፤ ቃሉን ልብሱን ገፍፌ የሰጠኋቸው ያህል ተሰማኝ። ሚስተር ኧርል ግን የሚያዩት እኔን አልነበረም። አማቴን አቅፈው ብዙ ቆዩ።

ሰማንያ አምስት ላይ ስንገባ አማቴ ስልካቸውን ከኪሳቸው አወጡ። «ቴክሳስ የሚደወለው እንዴት ነው? አሳየኝ።»

«እኔ እደውልልዎታለሁ፣ አባባ።»

«ራሴ ነው የምደውለው።»

«በምን ቋንቋ ልታወሩ?»

«አንተ ዝም ብለህ ንዳ» አሉኝ።