ስድስት ነጭ ወይን በአንድ መዳፍ

ውድነህ በሞተ በሦስተኛው ዓመት የእሁድ እረፍት የሚያገኝበት ዕድል መጣለት።

ሞተ የተባለው ከዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ባለው ቤተ ክርስቲያን ብቻ ነው። ዴንቨር መሀል ከተማ በሚሠራበት የጣልያን ምግብ ቤት ግን በየእሁዱ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ በሙሉ ጤንነት እንቁላል ያመላልስ ነበር። እሁድ ብራንች አለ። ብራንች ማለት ቁርስ ያመለጠውና ምሳ ያልደረሰለት ሰው ተሰልፎ እንቁላል የሚበላበት ሰዓት ነው፤ ከቅዳሴ ጋር ተማክሮ የተያዘ ይመስል ሰዓቱ አንድ ነው። ስለዚህ ሚስቱ ፈትለወርቅ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ብቻዋን አስቀደሰች። ብቻዋን ትገባለች፣ ብቻዋን ትወጣለች፣ ኮሮላዋን ራሷ ነድታ ትሄዳለች።

እትዬ ሠርካዲስ የሚባሉ፣ የሰው ትዳር እንቅልፍ የሚነሳቸው ሴት ይህን አዩ።

"ባለቤትሽስ?" አሏት።

"ሥራ ላይ ነው።"

"በእሁድ?"

"በእሁድ።"

በሚቀጥለው እሁድም ጠየቁ፣ ሥራ ላይ ነው። በሚቀጥለውም። በስድስተኛው እሁድ እትዬ ሠርካዲስ የፈትለወርቅን እጅ ይዘው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። ዞር ብለው ለሴቶቹ "ሐዘኑ አልወጣላትም" አሉ። "እስከ ዛሬ ሥራ ላይ ነው ትላለች፣ ምስኪን።" ከዚያ የክርስትና ስሙን በዘዴ ጠየቋት። ፈትለወርቅ ለጸሎት ነው ብላ "ወልደ ጊዮርጊስ" አለች። ለጸሎትስ ለጸሎት ነበር፣ ስሙ የተጻፈው ግን ከሙታኑ ጋር ነው።

ዓመት ሲሞላ ሐዘኑ በቃ ተባለና ደምሰው መጣ። ደምሰው ሊሞዚን ይነዳል፣ ሚስቱን ፈቷል፣ ዝምተኛ ነው። እትዬ ሠርካዲስ ነገሩን ሹክ ካሉት ጊዜ ጀምሮ ፈትለወርቅ ከቅዳሴ ስትወጣ በረዶ መጥረጊያ ይዞ መኪናዋ አጠገብ ቆሞ ታገኘዋለች።

ውድነህ መጀመሪያ ሲሰማ ሳቀ። በሐምሌ ግን መሳቅ አቆመ።

"በሐምሌ ምን በረዶ አለ?" አላት።

"አቧራ ነው የሚጠርገው።"

"ባሌ አለ አትይውም?"

"ስንት ጊዜ ልበል? አለ ባልኩ ቁጥር ያለቅሱልኛል። አንድ እሁድ ብቅ በልና ይዩህ።"

ብቅ ማለቱ ነው የቸገረው። የምግብ ቤቱ ባለቤት አሜሪካዊ ነው፤ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ በጠረጴዛዎቹ መሀል ስለሚንጎራደድ ዕቃ አጣቢው ሀብቱ "ሻምበል" የሚል ስም አውጥቶለታል። ሻምበል ለእናቱ ቀብር የሁለት ሰዓት እረፍት ወስዶ ለብራንች የተመለሰ ሰው ነው። በዚያ ቤት እሁድ የማይሠራው አንድ ሰው ብቻ ነበር፣ እሱም የወይን ኃላፊው። ብራንች ላይ ወይን በብርቱካን ጭማቂ ተበርዞ ስለሚቀርብ፣ ይህን ማየት ለጤናዬ አይስማማኝም ብሎ በውሉ ላይ አስጽፏል። ይህ ሰው በፈረንጆቹ 2014፣ ማሪዋና በሱቅ መሸጥ ሲፈቀድ ወይኑን ጥሎ ወደዚያ ገባ። ወንበሩ ባዶ ሆነ፤ ከወንበሩ ጋር እሁዱም። ሻምበልም ወደ ውድነህ ዞረ፤ ምክንያቱም ውድነህ መዳፍ ነበረው።

የመዳፉ ነገር እንዲህ ነው። ውድነህ ያደገው ደብረ ብርሃን፣ አክስቱ አጸደ ጠላ ቤት ውስጥ ነው። እዚያ ለእንግዳ የሚቀዳ ሰው መጀመሪያ በቀኝ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ፉት ይላል፤ መርዝ የለውም ለማለት ነው። ሳይቀምስ የሚያቀርብ ሰው ወይ ባለጌ ነው ወይ ገዳይ። ጣልያኖቹ ጋ ግን ነገሩ ተገልብጧል፤ አስተናጋጁ ጠብ ያደርጋል፣ የሚቀምሰው እንግዳው ነው። ስድስት ዓመት ሳህን ካነሳ በኋላ አስተናጋጅ ባደረጉት ምሽት ከስቴፕልተን ሰፈር የመጡ ባልና ሚስት ሶአቬ አዘዙ፤ ከቬሮና አጠገብ ካሉ ኮረብታዎች የሚመጣ ነጭ ወይን ነው። ውድነህ ደንቡን በቃሉ ያውቀዋል። እጁ ግን አያውቀውም። ጠርሙሱን ወደ ግራ አዛወረ፣ ቀኝ መዳፉን እንደ ጭልፋ አጎደጎደ፣ ጠብ አደረገ፣ ፉት አለ።

ባልና ሚስቱ አፈጠጡበት።

"እሺ፣ እንዴት ነው?" አለች ሴትዮዋ በመጨረሻ።

"አይገድልም" አለ ውድነህ። አሁንም ስላፈጠጡበት ጨመረ፣ "መጨረሻው ላይ መራራ ለውዝ አለው።"

ቀመሱት። መራራ ለውዝ አለው። ሰዎቹ ቤታቸው ገብተው ኢንተርኔት ላይ ጻፉ። በሳምንቱ ስምንት ጠረጴዛ "በመዳፉ የሚቀምሰው ሰውዬ ይምጣልን" አለ። ሻምበልም ነገሩን ሜኑው ላይ "ጥንታዊ የጣልያን ገጠር ወግ" ብሎ አሳተመው። ይባስ ብሎ አንድ ሽማግሌ ጣልያናዊ መጥተው አያቴ በትክክል እንዲህ ያደርጉ ነበር ብለው መሀረባቸውን አወጡ። ውድነህ ከዚያ ወዲያ ከእጅ መታጠቢያው እስከ ጠረጴዛው ድረስ እጁን እንደ ቀዶ ሐኪም ወደ ላይ ይዞ ነው የሚሄደው።

በቀን ሃያ መዳፍ፣ በዓመት ስንት መዳፍ እንደሚሆን እንጃ፤ ብቻ ሰውዬው ሳያስበው አዋቂ ሆነ። ከሰርዲኒያ የሚመጣው ቬርሜንቲኖ ጨው የነካው ሎሚ ነው፣ ጤና አዳም የተነከረበት። የኤትናው ነጭ፣ እሳተ ገሞራ ሥር የሚበቅለው፣ ክረምት ሲገባ የመጀመሪያው ዝናብ የመታው ድንጋይ ይሸታል። ፊያኖ ከካምፓኒያ ነው፤ ማር ሲቆረጥ ከቀፎው የሚወጣ ጭስ አለበት። ቬርዲክዮን ሲቀምስማ በግራዋ የታጠበ የአክስቱ ጋን ትዝ ይለዋል፤ ያቺ መጨረሻ ላይ ምላስ የምትይዝ ምሬት ከጣልያኑ ማርኬ ትምጣ ከደብረ ብርሃን እስከዛሬ አልለየለትም። ፈረንጆቹ ግራዋን ስለማያውቁ "የጓሮ ቅጠል" ይላቸዋል፣ እነሱም ይጽፉታል።

ሻምበል የወይን ኃላፊነቱን ሊሰጠው ፈለገ፤ ወይን አቅራቢው ድርጅት ግን ፈታኝ ልካለሁ አለ። ስድስት ጠርሙስ በወረቀት ተጠቅልሎ ይቀርባል። ውድነህ ለእያንዳንዱ ሁለት ነገር ይመልሳል፤ ከየትኛው የጣልያን ክፍል እንደመጣ፣ ደግሞም ለእንግዳ ይቀርባል ወይስ አይቀርብም የሚለውን። ካለፈ እሁድ የሱ ነው። ካላለፈ በረዶው የደምሰው ነው።

ፈተናው ሰኞ ሊሆን አርብ ማታ ውድነህ ከምድጃ የወጣ የላዛኛ ትሪ በባዶ ቀኝ እጁ ጨበጠ። ሆስፒታል የቦክስ ጓንት የሚያህል ፋሻ ጠቅልለው ሰደዱት።

ቅዳሜ ሀብቱ ብርጭቆ አመጣለት። "በዚህ ቅመስ፣ እንደ ሰው።"

ቀመሰ። "ውሃ ነው።"

"ሶአቬ ነው እኮ።"

"ከብርጭቆ ሲሆን ውሃ ነው።"

በማንኪያ ሞከሩ፣ ማንኪያ ማንኪያ አለ። በግራ እጁ እንዳይሆን በግራ አይቀመስም። ሀብቱ የራሱን መዳፍ ዘረጋለት፤ ውድነህ ፉት ብሎ ብዙ ካሰበ በኋላ "ነጭ ሽንኩርትና የዕቃ ሳሙና" አለ። "ከየትኛው የጣልያን ክፍል ነው?" አለው ሀብቱ።

ቤት ገብቶ ሲተክዝ ፈትለወርቅ አየችው። "የኔ እጅ ምን ሆነ?"

የፈትለወርቅ እጅ እንደሚጣፍጥ ኦሮራ በሙሉ ይመሰክራል፣ ችግሩ ያ አልነበረም። በተጋቡ በሁለተኛው ወር ሽሮዋን ቀምሶ "ጨው በዛ መሰለኝ" ብሎ ነበር። አልተቆጣችም። ዘጠኝ ወር ጨው የሚባል ነገር ድስት ውስጥ አልጨመረችም፣ በቃ። ከዚያ ወዲህ ለሃያ ዓመት ከዚያ እጅ የወጣ ነገር ሁሉ ምላሱን ሲነካ አፉ ብቻውን "ይጥማል" ይላል፤ ያረረውንም፣ ያልበሰለውንም፣ አንድ ጊዜ በስሕተት ስኳር የገባበትን ምስርም። አሁንም እሁድ ማታ ከመዳፏ ላይ ቬርሜንቲኖ ሲቀምስ አገሩን ወዲያው አወቀው።

"ሰርዲኒያ" አለ። "ይጥማል።"

"ያውልህ" አለች ፈትለወርቅ።

ሰኞ እሷ እየነዳች ሄዱ። ለፈተና ነው ተብላ ነጠላዋን ለብሳለች። ፈታኟ ቀጭን ሴት ነበረች፣ አፍንጫዋን ከመንገድ ሽታ ለመጠበቅ እስከ ዓይኗ ድረስ በስካርፍ ተሸፍና ገባች። ነገሩን ሲነግሯት ደንቡን ከቦርሳዋ አውጥታ ሁለት ጊዜ አነበበች፤ ስለ ብርጭቆ ቅርጽ አራት ገጽ ነበረው፣ ስለ ሚስት መዳፍ የሚል ግን ምንም የለም። "ካልተከለከለ ይቻላል" አለች።

ፈትለወርቅ እጇን ዘረጋች፣ ውድነህ ከምንጭ እንደሚጠጣ ሰው ጎንበስ አለ።

"ሶአቬ፣ ቬኔቶ። ይጥማል፣ ይቀርባል።"

እጇን አጠበች፣ ሁለተኛው ተቀዳ።

"ኤትና፣ ሲሲሊ። ይጥማል።"

ሦስተኛው ጋቪ ነበር፣ ከፒዬሞንቴ፤ አራተኛው ቬርዲክዮ፣ ከማርኬ። ሁለቱም ይጥማሉ። ሻምበል እጁን ከኋላው ፈትቶ ማሻሸት ጀመረ። አምስተኛው ተቀዳ። ውድነህ ፉት አለ፤ ፊቱ ላይ አንድ ነገር መጥቶ ሄደ።

"ካምፓኒያ፣ ፊያኖ" አለ። መዳፏን አየና፣ "ይጥማል።"

"ይቀርባል?" አለች ፈታኟ።

"ይቀርባል።"

ፈታኟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሻምበል እጁን ወደ ኋላ መለሰ። ውድነህ የደምሰው መጥረጊያ ታየው።

ፈትለወርቅ ግን እጇን ለማጠብ ስታነሳ መዳፏ በአፍንጫዋ አጠገብ አለፈ። ቆመች። አሸተተች። ደግማ አሸተተች።

"ይሄን ነው ይጥማል ያልከው?" አለችው፣ በአማርኛ።

"አዎ።"

"እርጥብ ጆንያ ይሸታል እኮ።"

"ትንሽ።"

"ትንሽ ሸቶሃል?"

ውድነህ ወለሉን አየ።

"ሸቶህ ነው ይጥማል ያልከው?"

"ካንቺ እጅ ነዋ የጠጣሁት።"

ፈትለወርቅ ወንበር ስባ ተቀመጠች። መዳፏን እንደዘረጋች ነው። "የገናው የበርበሬ ላዛኛስ?" አለች ቀስ ብላ።

"ደህና ነበር።"

"ውድነህ።"

"አፌን ሦስት ቀን አቃጥሎኛል።"

"ለክርስትናው ያመጣሁት ዳቦ?"

"መሀሉ ሊጥ ነበር።"

"ምስሩ?"

"ምስሩን ተይው።"

"ምን ላይ ናቸው?" አለች ፈታኟ። ሻምበል ከአማርኛ "እሺ" የምትለዋን ብቻ ነው የሚያውቀው፤ "ስለ ቅመሙ እየተመካከሩ ነው" አላት።

ከሃያ ዓመት በኋላ የተከፈተ አፍ ቶሎ አይዘጋም። ውድነህ ወደ ፈታኟ ዞረ። "አምስተኛው ተበላሽቷል" አለ። "ቡሹ ነው ያበላሸው። ከመሞቱ በፊት ጥሩ ፊያኖ ነበር፣ አሁን ግን ዝናብ ያደረበት ጆንያ ነው። አይቀርብም። አራተኛውም ይቀርባል እንጂ ይህን ያህል አይደለም፤ ፍሪጅ ውስጥ መክረም በዝቶበታል። ጋቪውን ደግሞ እኔ ብሆን አልገዛውም፣ ስሙ ነው የሚሸጠው።" ስድስተኛውን ራሱ ወደ ፈትለወርቅ መዳፍ አንቆረቆረና ቀመሰ። "ኦርቪዬቶ፣ ኡምብሪያ" አለ። ከዚያም የሚስቱን ዓይን ሸሽቶ፣ "ይሄኛው እውነትም ይጥማል።"

ፈታኟ ደንቡን እንደገና አነበበች። መልስ መለወጥ አይቻልም የሚል ፈለገች፣ እሱም የለም። የምስክር ወረቀቱ ላይ ስም የሚጻፍበት መስመር አንድ ብቻ ስለነበር ብዙ አሰበችና እንዲህ ሞላችው፤ አፍ፣ ውድነህ፤ እጅና አፍንጫ፣ ፈትለወርቅ። ሻምበል ግድግዳ ላይ ሰቀለው።

በሚቀጥለው እሁድ ውድነህ ካባ የሚያህል ጋቢ ደርቦ ከወንዶቹ በኩል ቆመ። የሙታኑ ስም ሲጠራ "ወልደ ጊዮርጊስ" ሲባል ሰማ፤ አቤት ሊል አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ሲወጡ ደምሰው ከነመጥረጊያው ኮሮላው አጠገብ ነበር። ውድነህ የሹፌሩን በር ሲከፍት ደምሰው አየው፣ መጥረጊያውን አየው፣ ከዚያ ለውድነህ አስረከበውና ሄደ።

እትዬ ሠርካዲስ በሩጫ ደረሱ። ውድነህን ከእግር እስከ ራሱ ገመገሙት።

"እንኳን ደስ አለሽ፣ ልጄ" አሏት ፈትለወርቅን፤ ቀጥለው በጆሮዋ፣ ግን መኪና ማቆሚያው ሁሉ በሚሰማው ድምፅ፣ "ቀድመሽ ብትነግሪኝ ለደምሰው እነግረው ነበር። ለመሆኑ ምን ይሠራል?"

"ወይን ይቀምሳል።"

"እሱስ ይሁን። ከሟቹ ይሻላል?"

ፈትለወርቅ ባሏን አየችው። በዚያ ሳምንት ብቻ አራት ወጥ ላይ አስተያየት ሰጥቷል፣ ሐሙስ ደግሞ ጎመኑን "መጨረሻው አጭር ነው" ብሏታል።

"ሟቹ ይሻል ነበር፣ እትዬ" አለች። "የሠራሁለትን ሁሉ ይወድ ነበር። ይሄኛው መራጭ ነው።"

እትዬ ሠርካዲስ ከልባቸው አዘኑ። "ይለምዳል" አሏት፣ እጇን መታ መታ አድርገው። የወልደ ጊዮርጊስንም ስም ከዝርዝሩ አላስወጡም፤ ሁለተኛ ባል መጣ ተብሎ የመጀመሪያው አይረሳም ብለው። ውድነህም በየእሁዱ ከወንዶቹ መሀል ቆሞ ስሙ ሲጠራ ከሁሉም ጋር ጎንበስ ይላል፤ ጎንበስ ሲል ደግሞ ሟቹን ትንሽ ያዝንለታል፤ ያ ሰውዬ ዘጠኝ ወር ያለ ጨው በልቶ አንዲት ቃል አልተናገረም።